ኬቶ ለማን ይስማማል?

ኬቶጄኒክ አመጋገብ፣ በአጭሩ «ኬቶ» የሚባለው፣ በቀን የሚበላውን ካርቦሃይድሬት ከ50 ግራም በታች፣ አጥብቀው በሚከተሉት ዘንድ ደግሞ እስከ 20 ግራም ድረስ በማውረድ ሰውነት ጉልበት የሚያገኝበትን ምንጭ ከስኳር ወደ ስብ እንዲያዞር የሚያስገድድ የአመጋገብ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ከዕለቱ ጉልበት ከ70 እስከ 80 በመቶው ከስብ፣ አብዛኛው ቀሪ ደግሞ ከፕሮቲን የሚመጣ ሲሆን፣ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ድንች፣ ስኳርና አብዛኛው ፍራፍሬ ከገበታው ይወጣሉ። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ስለ ክብደት መቀነስ ወሬ በተነሣ ቁጥር ስሙ ሳይጠራ አይቀርም፤ ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ይሠራል»፣ «አይሠራም» ከማለት አያልፍም። ይበልጥ ሊጠየቅ የሚገባው አመጋገቡ ለየትኛው ሰው፣ በምን ዓይነት የጤና ሁኔታ፣ በየትኛው ገበታ ላይና ለምን ያህል ጊዜ ሊጸና ይችላል የሚለው ነው።

አመጋገቡ መጀመሪያ የታሰበው ለውፍረት አልነበረም። ጾም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች መንፈራገጥ እንደሚያስታግሥ ከጥንት ጀምሮ ቢታወቅም፣ ሳይበላ ዘላለም የሚኖር ሰው ስለሌለ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም የነበረው ራስል ዋይልደር ሕመምተኛው እየበላ ሰውነቱ ግን እንደ ጾመ ሰው እንዲሆን የሚያደርግ፣ ስብ የበዛበትና ካርቦሃይድሬት ያነሰበት ምግብ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ስሙንም ያወጣለት እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ፌኒቶይን የተባለው መድኃኒት ለሚጥል በሽታ እንደሚሆን ከታወቀ በኋላ ሕክምናው ወደ ጎን ቢተውም፣ ዛሬ መድኃኒት ላልመለሰው የሕፃናት የሚጥል በሽታ የሚሰጥ የታወቀ ሕክምና ሆኖ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በለንደን የታተመ ጥናት እንዳሳየው አመጋገቡ ከተሰጣቸው ሕፃናት በ38 በመቶዎቹ ላይ በሽታው የሚጥልበት ጊዜ ከግማሽ በላይ ሲቀንስ፣ ካልተሰጣቸው ግን ይህን ያህል ለውጥ የታየው በ6 በመቶዎቹ ላይ ብቻ ነበር። ካርቦሃይድሬት ቀንሶ የመክሳት ሐሳብ የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ የለንደኑ የቀብር ሥነ ሥርዓት አዘጋጅ ዊልያም ባንቲንግ እ.ኤ.አ. በ1863 ዳቦ፣ ስኳርና ድንች ትቶ እንዴት እንደከሳ የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ ያሳተመ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት አትኪንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው መጽሐፍ ሐሳቡን ለሚሊዮኖች አዳረሰ። የዛሬው ኬቶ የሁለቱ ቅልቅል ነው፤ ስሙን ከሕክምናው ቢወርስም፣ ምግብ በግራም የሚመዘንበትንና ደም በየጊዜው የሚመረመርበትን ጥብቅ ክትትል ግን አብዛኛውን ጊዜ አልወረሰም።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን በቅርብ መመልከት ብዙ ያስረዳል። ከምግብ የተገኘ ግሉኮስ፣ ማለትም በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስኳር፣ ወዲያው ካልተፈለገ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ይከማቻል፤ በአዋቂ ሰው ጉበት ውስጥ 100 ግራም ገደማ፣ በጡንቻዎች ውስጥ ደግሞ 400 ግራም ያህል ይኖራል። ካርቦሃይድሬት ሲቋረጥ የጉበቱ ጎተራ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይራቆታል፤ ስብ ከተከማቸበት እንዳይወጣ የሚይዘው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ የተለቀቀው ስብ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበትም ከዚህ ስብ ኬቶን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል። አንጎል ስብን በቀጥታ መጠቀም ስለማይችል በስኳር ፈንታ በከፊል እነዚህን ይጠቀማል። ከኬቶኖቹ አንዱ የሆነው አሴቶን ደግሞ በትንፋሽ ስለሚወጣ አመጋገቡን የጀመረ ሰው የአፉ ጠረን ይለወጣል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የመጀመሪያው ሳምንት ነው። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ ግላይኮጅኑ ሲያልቅ ውኃውም አብሮት ይወጣል፤ ኢንሱሊን ሲቀንስ ደግሞ ኩላሊት ጨውና ውኃ በብዛት ያስወግዳል። ስለዚህ በሰባት ቀን ውስጥ ሚዛኑ ሁለትና ሦስት ኪሎ ቢወርድ አብዛኛው ውኃ እንጂ የሆድ ስብ አይደለም፤ በዚያው ሳምንት የሚሰማው ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማዞርና የእግር ቁርጥማትም ከዚሁ የጨውና የውኃ መጉደል የሚመጣ ነው። እውነተኛው የስብ መቀነስ የሚመጣው በኋላና በዝግታ ሲሆን፣ ምክንያቱም ኬቶንና ፕሮቲን ረሀብን ስለሚያስታግሡ፣ የሚበላው ዓይነትም ስለሚጠብ፣ ሰውየው ሳያስበው ከቀድሞው ያነሰ መብላቱ ነው።

ሌሎች አመጋገቦች ከዚህ ያነሰ ውጤት አላቸው ወይ ለሚለው ጥያቄ ጥናቶቹ የሚሰጡት መልስ ከማስታወቂያው በእጅጉ የተቆጠበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና 13 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው፣ ከአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በኋላ የኬቶ አመጋገብን የተከተሉ ሰዎች ስብ የቀነሰ ምግብ ከተመገቡት ይበልጥ የቀነሱት በአማካይ 0.91 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በእስራኤል ዲሞና በ322 ሠራተኞች ላይ ለሁለት ዓመት በተደረገው ጥናት ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 4.7፣ በሜዲትራኒያን አመጋገብ የቆዩት 4.4፣ ስብ የቀነሱት ደግሞ 2.9 ኪሎ ግራም ቀንሰዋል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውና 609 ሰዎችን ለ12 ወራት የተከታተለው ጥናት ካርቦሃይድሬት በቀነሱትና ስብ በቀነሱት ወገኖች መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አላገኘም፤ አማካዩ እንደ ቅደም ተከተላቸው 6.0 እና 5.3 ኪሎ ግራም ነበር። ከአማካዩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው በእያንዳንዱ ወገን ውስጥ ከ20 ኪሎ በላይ የቀነሱም፣ ጭራሽ የጨመሩም መኖራቸውና ማን የትኛው እንደሚሆን በዘር ምርመራም ሆነ በኢንሱሊን ልኬት አስቀድሞ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ከዚህም በላይ፣ ካርቦሃይድሬት ቀናሾቹ በቀን 20 ግራም ብለው ቢጀምሩም በዓመቱ መጨረሻ አማካዩ ከ130 ግራም በላይ ደርሶ ነበር፤ በባለሙያ እየተደገፉ እንኳ ጥብቁን ልክ ይዞ መዝለቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለአንዳንድ ሰዎች ግን ጉዳዩ የምርጫ አይደለም። ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊን ስለማያመነጭ የኬቶኑ መጠን ልክ የሚያበጅለት አያገኝም፤ ደሙ አሲድ እየሆነ ለሕይወት የሚያሰጋ፣ ኬቶአሲዶሲስ የሚባል ሁኔታ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የመሳሰሉ አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎችም በዚሁ አደጋ ውስጥ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የባሰ የሚያደርገው የደም ስኳሩ ከፍ ሳይል አደጋው ሊደርስ መቻሉ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ስለ እነዚህ መድኃኒቶችና ስለ ኬቶአሲዶሲስ እ.ኤ.አ. በ2015 አስጠንቅቋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም በኢትዮጵያ በስፋት የሚታዘዘውን ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው ደግሞ የመድኃኒቱን መጠን ሳያስተካክል እንጀራ ቢያቆም ስኳሩ ድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የቆሽት ሕመም ያለበት ሰው፣ ከምግብ ጋር የታወከ ግንኙነት ኖሮት የሚያውቅም ሰው በራሱ ፈቃድ ሊጀምረው አይገባም።

በሌላ በኩል፣ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ገና የጀመረውና ክብደቱ የበዛ ሰው በሐኪም ክትትል ካርቦሃይድሬት ቢቀንስ በቶሎ ሊጠቀም ይችላል፤ የደም ስኳሩ ይወርዳል፣ መድኃኒቱም ሊቀነስለት ይችላል። ይህ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ወደ እስራኤል በገቡ ወጣት ኢትዮጵያውያን ላይ የስኳር በሽታ በአጭር ጊዜ መብዛቱን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች መዝግበዋል። ይሁንና በአፍሪካውያን ዘንድ ከዓይነት ሁለት ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን ወደ ኬቶአሲዶሲስ የሚያዘነብል የስኳር በሽታ ስለሚታይ፣ የበሽታው ዓይነት በሚገባ ሳይለይ መጀመር አይበጅም።

አሁን ወደ ገበታው መምጣት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ የኬቶ መመሪያዎች የተጻፉት ዳቦና ፓስታ ለሚተው ሰው እንጂ እንጀራ ለሚተው ሰው አይደለምና። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 73 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በላይ ዱቄት ስለሚወስድ አንዱ እንጀራ ብቻውን የቀኑን ልክ ያልፋል። ቆጮና ቡላ ከሞላ ጎደል ስታርች ናቸው፤ ሽሮ የሚሠራበት አተርና ሽምብራም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። ኬቶ ይመስል የነበረው ዶሮ ወጥ እንኳ አብሮት የሚቁላላው ሽንኩርት ሲመዘን ሌላ ነገር ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ሽንኩርት 90 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ስለሚይዝ ከወጡ መረቅ በዛ አድርጎ ያነሣ ሰው የቀኑን ልክ በአንድ ምሳ ሊጨርስ ይችላል። ቡና የሚጠጣው በስኳር ከሆነ ደግሞ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢጨመር ከአቦል እስከ በረካ 24 ግራም ያህል ይደርሳል፤ ይህም ያለ ምንም ምግብ ነው። የሚቀረው ጥብስ፣ ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን በሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣና አቮካዶ ነው፤ ክትፎን ጥሬውን ማዘውተር ለኮሶ ትል እንደሚያጋልጥ ግን ሊዘነጋ አይገባም።

ከሁሉ የከበደው የጾም ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ከረቡዕና ከዓርብ ጀምሮ እስከ 55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ድረስ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ሳይቀምስ ያሳልፋል። በጾም ወራት የሚገኘው ፕሮቲን በአብዛኛው ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከአተርና ከሽምብራ ስለሆነ እነዚህን ያወጣ ሰው የሚቀረው ዘይት፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ኑግ፣ ለውዝ፣ ጎመንና አቮካዶ ነው፤ በዚህ ብቻ ወራት የቆየ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል። ጾም ራሱ ኬቶ ነው የሚለው አባባልም ልክ አይደለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ጿሚ ኬቶኑ ትንሽ ከፍ ቢልም፣ እንጀራ በሽሮ ሲቀርብለት የጉበቱ ግላይኮጅን መልሶ ይሞላል፣ ኬቶኑም ይወርዳል። በዓመቱ መጨረሻ የሚገኘው ተጨማሪ ጥቅም ከአንድ ኪሎ በታች መሆኑ ሲታሰብ፣ ለዚህ ሲባል ጾምን ማፍረስ ወይም ከቤተሰብ መሶብ ተለይቶ ብቻውን መብላት የሚመከርበት ምክንያት አይታይም።

የስቡ ዓይነትም ቸል የሚባል አይደለም። በቅቤና በጮማ ላይ የቆመ ኬቶ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ኤል ዲ ኤል የሚባለውን፣ የደም ቧንቧን የሚያጠበውን ኮሌስትሮል በጣም ከፍ ያደርጋል፤ በዓሣ፣ በአቮካዶ፣ በለውዝና በዘይት ላይ የተመሠረተው ግን ይህን ያህል አያደርግም። የዋጋው ነገርም አለ፤ ሥጋና ቅቤ ከጥራጥሬ ይልቅ ለአብዛኛው ቤተሰብ ውድ ስለሆኑ፣ ለአንድ ሰው ሲባል የቤቱ በጀት ወደ ሥጋ ሲዞር ሌላው ሊጎድልበት ይችላል።

እንግዲህ ለአብዛኛው አንባቢ የሚሻለው መንገድ ጥብቁ ኬቶ ሳይሆን መካከለኛው ነው፤ ይኸውም የለስላሳ መጠጥንና የሻይ ስኳርን መተው፣ እንጀራውን ወደ ግማሽ ማውረድ፣ በፈንታውም ጎመኑን፣ ምስሩን፣ በፍስክ ደግሞ ዓሣውንና እንቁላሉን ማብዛት ነው። ይህ መንገድ የመጀመሪያውን ሳምንት አስደናቂ የሚዛን ለውጥ አያሳይም፤ ነገር ግን በፍስክም በጾምም ሳይቋረጥ ሊዘልቅ ይችላል።

ያም ሆኖ ጥብቁን ለመሞከር የቆረጠ፣ ከላይ ከተጠቀሱት ሕመሞችና መድኃኒቶች አንዱም የሌለበት ሰው ቢኖር፣ ሳይጀምር የጾም የደም ስኳሩን፣ የኮሌስትሮሉን፣ የኩላሊቱንና የጉበቱን ሁኔታ ቢያስመረምር፣ የሚወስደውን ሌላ መድኃኒት፣ ባህላዊውንም ጨምሮ፣ ለሐኪሙ ቢነግር፣ ጨውና ውኃ ባይቀንስ፣ ቢያንስ ቅጠላ ቅጠል ከገበታው ባይጠፋ ይበጀዋል። ከሦስት ወር በኋላ ምርመራው መደገም ይኖርበታል፤ ኤል ዲ ኤሉ በእጅጉ ከፍ ካለ ማቆም ወይም የስቡን ዓይነት መለወጥ ያስፈልጋል። ማስመለስ፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ወይም ግራ መጋባት ከታየ ግን ሦስት ወሩን መጠበቅ ሳይሆን ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። አቋርጦ ወደ እንጀራ የተመለሰ ሰውም በጥቂት ቀናት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ያህል ቢጨምር፣ የተመለሰው በአብዛኛው የመጀመሪያው ሳምንት ውኃ መሆኑን አውቆ ወዲያው ወደ ጥብቁ ምግብ መመለስ አይኖርበትም።