ደመናው
ክፍል 3

(ባለፈው ሳምንት፦ እናቴ ዘይት ግዛ ብላ የሰጠችኝን አሥር ብር ይዤ ባህል አዳራሽ ሰፈር ካለው ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ለጓደኛዬም ከፈልኩለት።)

አግዳሚው ላይ ተፋፍገን ተቀምጠናል። የቆርቆሮው ግድግዳ ይፋጃል። ባዶው የዘይት ጠርሙስ እግሬ ሥር ነው፤ መዳፌ ውስጥ ያለው መልስ በላብ ርሷል። አሞራ ገደል ዓሣ ሲያጥብ የሚውለው ጓደኛዬ አጠገቤ ትንፋሹን ውጧል።

ተርጓሚያችን ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ከራሱም እየጨመረ ይተርክልናል። ፊልሙ «ድራጎን ቦል» ነው። አኪራ ቶሪያማ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳምንታዊ መጽሔት እየቆራረጠ ያወጣው ታሪክ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ዋናው ልጅ ጎኩ ይባላል፤ ለእኛ ግን «አክተሩ» ነው። ጅራት አለው፤ ዱላው እንዳዘዘው ይረዝማል።

አክተሩ ሰባቱን የድራጎን ኳሶች ፍለጋ ሲሄድ፣ ከባሕር ርቃ ዓመት ሙሉ የተንከራተተች ኤሊ አገኘ። ጉዞዬ ይዘገያል አላለም፤ አዘላት። ባለጎራዴ ድብ መንገድ ዘግቶ «እራቴን አምጣ!» አለው። ተርጓሚው ድቡን «ሽፍታው» ሲለው ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አክተሩ ሽፍታውን ዘረረና ኤሊዋን ባሕር አደረሳት። እስከ ዛሬ ከዚያ ሁሉ ድብድብ ይበልጥ ያቺ እዝል ትታየኛለች።

የኤሊዋ ጌታ፣ ሽማግሌው፣ ለውለታው ቢጫ ደመና ጠራለት።

«ይህ ደመና ልቡ ንጹሕ ያልሆነን አይሸከምም!» አለ ተርጓሚው።

ሽማግሌው ራሱ ሊያሳይ ወጣ፤ ደመናው አሳልፎ መሬት ላይ ጣለው። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ መዳፌን ይበልጥ ጨበጥኩ።

አክተሩ ሊዘል ጉልበቱን ሲያጥፍ በሩ ተበረገደ። እናቴ ናት። ከኋላዋ ጎረቤታችን፣ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያስታርቁት የሲዳማ ሽማግሌ ቆመዋል። ዓይኗ ጠርሙሱ ላይ አረፈ፤ እጇን አነሳች።

«ቆዪ ልጄ፣ መጀመሪያ ይጠየቅ» አሏት። ጎንበስ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«አፊኒ?»

ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ሲዳማ ነገር ሲያጣራ በዚህ ቃል ይጀምራል፤ የተጠየቀም ሀላሌን፣ እውነቱን፣ ሊያወጣ ይገባዋል። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል ግን አልወጣኝም።

ጓደኛዬ ከአግዳሚው ብድግ አለ።

«ብሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ አባባ።»

አንዲት ሳንቲም አልነካም ነበር።

(ሳምንት ይቀጥላል)