የሕፃናት ተጨማሪ ምግብ በሐዋሳ

የሕፃናት ተጨማሪ ምግብ ማለት አንድ ሕፃን 6 ወር ከሞላው ጊዜ ጀምሮ ከእናት ጡት ወተት ጋር የሚሰጠው ገንፎ፣ አጥሚት፣ ፍትፍትና የመሳሰለው ምግብ ነው። «ተጨማሪ» የተባለው የጡትን ቦታ ስለማይወስድ ነው፤ ጡት ማጥባቱ ቢያንስ እስከ 2 ዓመት እንዲቀጥል የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ይህ ጽሑፍ ምግቡ በሲዳማ ክልል ዋና ከተማ በሐዋሳ፣ በተለይም ስሙን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ባገኘው በመናኸሪያ ክፍለ ከተማና በመሰሉ ሰፈሮች በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ እንዴት እንደሚዘጋጅና ከሕፃኑ እድገት ጋር ያለውን ግንኙነት ይመለከታል።

ነገሩ የሚያሳስበው በመቀንጨር ምክንያት ነው። መቀንጨር ማለት ቁመት ከዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ማጠር ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚከሰተው ከፅንስ እስከ 2ኛ የልደት ቀን ባሉት 1000 ቀናት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የጠፋውን ቁመት መመለስ ከባድ ነው፤ የአእምሮ እድገትና የትምህርት አቀባበልም አብሮ ይጎዳል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 58 ከመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 38 ከመቶ ወርደዋል። መሻሻሉ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው የ2016 ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ውስጥ በዓይነትም ሆነ በድግግሞሽ ዝቅተኛውን መለኪያ የሚያሟላ ምግብ የሚያገኙት 7 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት አቅዷል።

ከ6 ወር በፊት

ሕፃኑ እንደተወለደ ሊያገኘው የሚገባው የመጀመሪያ ምግብ እንገር ነው። ወፍራምና ቢጫ በመሆኑ አንዳንድ ቤተሰብ «ያረጀ ወተት ነው» ብሎ አልቦ ይደፋዋል፤ ነገር ግን ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት ያሉት በእንገሩ ውስጥ ነው። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስላስ፣ የስኳር ውኃ ወይም የአብሽ ውኃ መስጠትም በብዙ የሀገሪቱ ክፍሎች የቆየ ልማድ ነው። እነዚህ ሁሉ ከአያት የመጡና በፍቅር የሚደረጉ ቢሆኑም ሕፃኑ የሚጠባውን ወተት ይቀንሱበታል፣ ተቅማጥም ሊያመጡበት ይችላሉ። እስከ 6 ወር ድረስ በሞቃት አገርም ቢሆን ውኃ አያስፈልገውም፤ የጡት ወተት አብዛኛው ክፍል ውኃ ነው።

6 ወር ሲሞላ ሁኔታው ይለወጣል። በእርግዝና ወቅት የተጠራቀመው የብረት ማዕድን እያለቀ ይሄዳል፣ የጡት ወተቱም ብቻውን አይበቃም። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ በቀን 200 ያህል፣ ከ9 እስከ 11 ወር 300 ያህል፣ ከዚያ እስከ 2 ዓመት ደግሞ 550 ያህል ኪሎ ካሎሪ ከተጨማሪ ምግብ ማግኘት አለበት።

የገንፎው ውፍረት

የ8 ኪሎ ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ የማይበልጥ ነው። በዚህ መጠን ባለ ቀጭን አጥሚት ውስጥ 20 ግራም ዱቄት ቢኖር የሚገኘው ኃይል 70 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። በዚሁ መጠን ባለ ገንፎ ውስጥ 50 ግራም ዱቄት ቢገባበት ግን ወደ 175 ይደርሳል። ሁለቱም ሕፃኑን ያጠግባሉ፤ ሁለቱም ዝም ያሰኙታል። ልዩነቱ የሚታየው ከወራት በኋላ በቁመቱ ላይ ነው። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ገንፎው ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ፣ ሲያጋድሉት ቀስ ብሎ የሚንሸራተት እንዲሆን ይመክራሉ። እናቶች ቀጭኑን የሚመርጡት በስንፍና አይደለም፤ ቀጭኑ በጡጦ ይገባል፣ ሕፃኑም ሳያንገራግር ይጠጣዋል፣ ዱቄቱም ይቆጠባል። ወፍራሙን በማንኪያ ማብላት ግማሽ ሰዓትና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ብቅል ይረዳል። ትንሽ የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል ዱቄት ለብ ባለ ወፍራም ገንፎ ውስጥ ሲጨመር፣ በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ስለሚሰባብረው ገንፎው ዱቄቱ ሳይቀነስ ይቀጥናል። ከዚያ በኋላ እንደገና ይፈላል። ለጠላ የሚዘጋጀው ብቅል በየቤቱ ስለሚታወቅ ነገሩ አዲስ ዕውቀት አይፈልግም፤ ለልጅ ገንፎ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው።

እንሰትና በቆሎ

በሲዳማ ዋናው የምግብ ተክል እንሰት ነው። ከእሱ የሚገኘው ቆጮ በሲዳምኛ ዋሳ ይባላል፤ በቅቤ ሲለወስ ደግሞ ለፍቼ ጨምበላላ የሚቀርበው ቡርሳሜ ይሆናል። እንሰት ድርቅን በመቋቋሙ ሕዝቡን ከረሃብ ሲጠብቅ የኖረ ተክል ነው። ለትንሽ ልጅ ሲሆን ግን ጉድለት አለው፤ ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ነው፣ በ100 ግራም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ2 ግራም ያነሰ ነው፣ ቫይታሚን ኤም የለውም ማለት ይቻላል። ቡላም እንደዚሁ ለስላሳና ለሕፃን የሚመች ቢመስልም ስታርች ነው። በገጠር ጉድለቱ በወተትና በቅቤ ይካካስ ነበር። ከገጠር መጥቶ በመናኸሪያ አንድ ክፍል ቤት የተከራየ ቤተሰብ ግን ላም የለውም፤ ወተቱን በሊትር ይገዛል፣ ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ የሚቀረውም ወተቱ ነው። ቆጮው ወይም የበቆሎ ገንፎው ብቻውን ይቀራል።

በቆሎ ከቆጮ የተሻለ ፕሮቲን ቢኖረውም ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ጥራጥሬ፣ ማለትም ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስርና ቦሎቄ፣ ላይሲን በብዛት አለው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በደቡብ ኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች የበቆሎና የቆጮ ምግቦችን ከጥራጥሬ ጋር በማዋሃድ ለሕፃናት የሚሆኑ ምግቦች ተዘጋጅተው ተሞክረዋል።

ምጥን

ምጥን ከተለያዩ እህሎችና ጥራጥሬዎች ተለቅሞ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ዱቄት ነው። በገበያ ላይ «የ12 ዓይነት» ወይም ከዚያ በላይ እየተባለ ይሸጣል። የዓይነቱ ቁጥር ግን ያን ያህል አይጠቅምም። ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ ቢደባለቁ 6 ዓይነት ይሆናሉ እንጂ ሁሉም አንድ ወገን ናቸው። ዋናው ቁም ነገር መጠኑ ነው፤ በተለምዶ ለ3 እጅ እህል 1 እጅ ጥራጥሬ ይመከራል። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፎ፣ ከክቶና ቆልቶ መፍጨት የሆድ መነፋትን ይቀንሳል፤ ብረትና ዚንክ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ የሚይዘውን ፋይቴትም ያሳንሳል።

ይህ አሠራር በፋብሪካም ቆይቷል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ፋፋን ሠርቷል። ስሙ «ልጁ ፋፋ» ከሚለው አነጋገር የመጣ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ማንኛውንም የታሸገ የሕፃን ዱቄት ፋፋ ይለዋል።

ገንፎው ላይ የሚጨመረው

ምጥን ጥሩ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። በሐዋሳ አካባቢ በቀላሉ የሚገኙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው አቮካዶ ነው፤ በሲዳማ በብዛት ይመረታል፣ ቅባቱም ለትንሽ ሆድ ብዙ ኃይል ይሰጣል፣ በማንኪያ ከመዳመጥ በቀር ሥራ የለውም። ሁለተኛው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ሲሆን ለቫይታሚን ኤ ተመራጭ ነው። በሐዋሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል የወጡት ኩልፎና ቱላ የተባሉት ዝርያዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ ነው።

ዓሣው እሾሁ በጥንቃቄ ተለቅሞ፣ ተቀቅሎና ተፈርፍሮ ከ6 ወር በኋላ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ሁሉም ዓሣ እኩል አይደለም። በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሌሎች ዓሦችን በሚበላው በትልቁ ቢልጫ ሥጋ ውስጥ ከፍ ያለ የሜርኩሪ መጠን ሲያገኙ፣ በዋነኛነት አልጌ በሚመገበው በቆሮሶ ውስጥ ግን ያገኙት ዝቅተኛ ነው። ሜርኩሪ የሚያድግ አእምሮን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ቆሮሶው ይመረጣል።

እንቁላል በማንኛውም ሰፈር ሱቅ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፣ በጾም ወቅትም ከቤት ይጠፋል። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ከድስቱ ነው፤ እናት የጾም ዕቃዋ በፍስክ እንዳይነካ ስትል እንቁላሉን ሳታበስል ትቀራለች። ለልጁ ትንሽ ድስትና ማንኪያ መለየት ይህን ይፈታል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ባክቴሪያ ለሕይወት የሚያሰጋ ሽባነት ያመጣል። ዳቦ በሻይ የተለመደ ቁርስ ቢሆንም ሻይ ብረት እንዳይዋሃድ ስለሚያግድ ለልጅ አይመከርም።

እናት ሥራ ስትመለስ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ታርፋለች። አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። ይህ ማለት ልጁ የ3 ወር ልጅ ሲሆን እናት ሥራ ትገባለች፤ የጡት ወተት ብቻ እንዲሰጠው የሚመከረው ግን 6 ወር ነው። በመካከል ያለው 3 ወር ለቤተሰቡ የተተወ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በተመረቀውና አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ወጣት ሴቶች በሆኑበት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለባት ከተማ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር።

ማቆያ በሌለበት ሕፃኑ በአያት፣ በሞግዚት ወይም በጎረቤት እጅ ይውላል። ወተት አልቦ መተው ይቻላል፤ ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ በቀዝቃዛ ቦታ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ለማጠጣት ከጡጦ ይልቅ ሲኒ ይሻላል፤ ሲኒ ለማጠብ ይቀላልና። ሕፃኑ ገንፎ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከሰል ለመቆጠብ ጠዋት አንድ ጊዜ ተሠርቶ እስከ ማታ የሚቆየው ገንፎ በሐዋሳ ሙቀት ከ2 ሰዓት በኋላ ለተቅማጥ በር ይከፍታል። የሚሻለው ዱቄቱን በደረቁ ማስቀመጥና በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መሥራት ነው፤ ይህ ግን የሞግዚቷንም ጊዜ መቁጠር ይጠይቃል። ለሞግዚቷ የሚነገራት ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ «አብይው» ብቻ ነው። ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል፣ ምን ተጨምሮ የሚለው ካልተነገራት ልጁ ሲያለቅስ አጥሚት ሰጥታ ዝም ታሰኘዋለች።

ክትትል

በጤና ጣቢያ ከ6 ወር ጀምሮ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ ይሰጣል፣ በ9ኛውና በ15ኛው ወር ደግሞ የኩፍኝ ክትባት አለ። በእነዚህ ቀናት ክብደትና ቁመት ማስለካት ይቻላል። የክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነው፤ ልጁ ለሕክምና የሚውለውን በኦቾሎኒ የተሠራ ምግብ ያገኛል። ይህ ምግብ መድኃኒት በመሆኑ ከወንድምና ከእህት ጋር አይካፈሉትም። የክንድ መለኪያው ግን የሚያሳየው መክሳትን እንጂ መቀንጨርን አይደለም። የቀነጨረ ልጅ ጉንጩ ሞልቶ፣ ሲጫወት ውሎ ሊገባ ይችላል፤ በሰፈሩ ያሉት እኩዮቹም እንደ እሱ አጭር ከሆኑ ማንም አይነቃም። የሚታወቀው ቁመቱ በሰሌዳ ሲለካና ከዕድሜው ጋር በሠንጠረዥ ሲነጻጸር ነው፤ ለዚህም የልደቱ ቀን በትክክል መመዝገብ አለበት።