የእናት ጡት፣ የሆስፒታሉ ኃላፊነትና የቡናው ምድር ሠራተኛ

የአንድ ኅብረተሰብ የዕድገት ደረጃ ከሚለካባቸው መመዘኛዎች አንዱ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው ቦታ ነው። ጡት ማጥባት በተለምዶ የእናቲቱ የግል ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ጠለቅ ብሎ ሲመረመር፣ የምትወልድበት ሆስፒታል አሠራር፣ የምትሠራበት ድርጅት ሁኔታና የምትኖርበት ሠፈር ልማድ በአንድነት የሚወስኑት ማኅበራዊ ጉዳይ ነው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በሌሎችም፣ ይህ ሐቅ ጎልቶ ይታያል።

ሳይንስ ያረጋገጠው ግልጽ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ፣ እስከ 6 ወር ውሃ እንኳ ሳይጨመርለት የእናቱን ወተት ብቻ ማግኘት፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየወሰደ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባት ይገባዋል። እንገሩ በሽታን በሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችና በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው። ሕፃኑ ሲጠባ የእናቲቱ ማሕፀን ስለሚኮማተር ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ይቀንሳል። ሆኖም እንገሩን አልቦ መድፋት፣ ለጨቅላው ቅቤ ማላስና የስኳር ውሃ ማጠጣት ፈጽሞ ያልጠፉ ልማዶች ናቸው። እነዚህ የሚወገዱት በትዕግሥት በማስተማር እንጂ እናቶችን በመውቀስ አይደለም።

የችግሩ ሌላ ምንጭ የትርፍ ጥማት ነው። የዱቄት ወተት አምራች ኩባንያዎች የነርስ ልብስ ያለበሷቸውን ሻጮች በድሃ አገሮች ወደሚገኙ ወሊድ ክፍሎች ያሰማሩበት ዘመን ነበር። በነፃ የተሰጠው ቆርቆሮ ሲያልቅ የእናቲቱም ጡት ደርቆ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ገበያው ተረጋገጠ ማለት ነው። ወተቱ ንጹሕ ባልሆነ ውሃ ሲበጠበጥ፣ እንዲበረክትም ሲቀጥን፣ የተቅማጥና የረሃብ ሰለባ የሆነው ሕፃኑ ነበር። ይህን በመቃወም እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ በኔስሌ ምርቶች ላይ የገዢዎች አድማ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚገራውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድምፅ ሲያጸድቅ፣ የተቃውሞ ድምፅ የሰጠችው የአሜሪካ መንግሥት ብቻ ነበረች። ለቡናው ምድር ሕዝብ ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። ሠራተኛዋ እናት በለቀመችው ቡና የተገኘው የውጭ ምንዛሪ፣ ከገዛ ጡቷ የሚፈልቀውን ለመተካት ለሚገባ ቆርቆሮ ሊውል አይገባም።

በአገራችን በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. ከ100 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደረሱ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ከ6 ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት በ2008 ዓ.ም. ከ100 58፣ በ2011 ዓ.ም. 59 ነበሩ። ስለዚህ እናቲቱን ወደ ሆስፒታል ማምጣት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሆስፒታሉ የሚያደርግላት ነገር ወሳኝ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመሩት ለሕፃናት ተስማሚ የሆስፒታል ንቅናቄ ተግባሩን በ10 እርምጃዎች ዘርዝሯል። ሕፃኑ እንደተወለደ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ይደረግ፤ አዋላጇ አጎራረሱን ታሳይ፤ እናትና ልጅ ሌትና ቀን በአንድ ክፍል ይዋሉ ይደሩ፤ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ሌላ ምግብ አይሰጥ፤ የኩባንያ ስጦታ ከወሊድ ክፍል ይራቅ፤ እናቲቱም ስትወጣ ድጋፍ የምታገኝበት ይነገራት። ይህ ሁሉ ከውድ መሣሪያ ይልቅ የሠለጠነ ባለሙያና ቁርጠኝነት ይጠይቃል።

ጅማ ለዚህ ተግባር መሠረት አላት። በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን ከኅብረተሰቡ ኑሮ ጋር በማስተሳሰር ይታወቅ ነበር፤ ኋላም በ1992 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1985 ዓ.ም. በጅማ፣ በከፋና በኢሉባቦር የተወለዱ 8 ሺህ ያህል ሕፃናት እስከ አንደኛ ዓመታቸው በጥናት ተከታትለዋል። የሕፃናትን ሞት ያጠና ከተማ የሕፃናትን ሕይወት በመጠበቅም አርአያ እንዲሆን ይጠበቅበታል።

ሆኖም ሊሰመርበት የሚገባው፣ የሆስፒታሉ ምክር በሥራ ቦታ ካልተደገፈ ከንቱ እንደሚሆን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀናት ከፍ አድርጓል። ይህም የድል ፍሬ ነው፤ ግን 6 ወር አይሞላም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዩ ቡና ሲደርስ በኪሎ ሒሳብ የምትለቅመው፣ በቡና ማበጠሪያ ጎንበስ ብላ የምትውለው እናት ደግሞ ለቤት ከቀረች ገቢዋ ይቋረጣል። እንዲህ ላለችው እናት «6 ወር አጥቢ» ማለት ብቻ ግማሽ እውነት መናገር ነው።

በመሆኑም የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነታቸው የማጥቢያ ዕረፍትና በእርሻው አቅራቢያ የሕፃናት ማቆያ እንዲካተት መታገል አለባቸው። የሠፈር ማኅበራትና ዕድሮች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተባብረው አራስ ቤት ድረስ መዝለቅ፣ የአያቶችንም ድጋፍ ማግኘት ይጠበቅባቸዋል። ሆስፒታሎችም በሩን ከፍተው ሕዝቡን የሥራቸው ተካፋይ ያድርጉ። የነገው ሠራተኛ ጤና የሚጸናው በዛሬው የእናት ጡት ነው፤ ያን ጡት ከልማድ፣ ከትርፍና ከድካም መጠበቅ የሁላችንም የጋራ ግዴታ ነው።