ውሻ ማጠብና ፀጉሩን ማስተካከል፦ የታወቀ ስም ተከራይቶ መክፈት ያዋጣል?

በአገር ቤት የውሻ ቦታው ደጅ ነበር። ቤትና ከብት ይጠብቃል፣ የተረፈውን ይበላል፤ ገላውን የሚያጥበው ቢኖር ዝናብ ነው። እዚህ ግን ውሻ ሳሎን ውስጥ ይተኛል፣ የራሱ ሐኪም አለው፣ በየአንድ ወሩና በየሁለት ወሩ ፀጉሩን ይስተካከላል። የቴል አቪቭ ማዘጋጃ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. በከተማይቱ ለ17 ነዋሪ አንድ ውሻ እንደሚደርስ አስታውቆ ነበር። ይህን ሁሉ ውሻ የሚያጥብና የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል፤ ቦታውም «ሚስፔራት ክላቢም» ይባላል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው «የተዘጋጀ ንግድ፣ የታወቀ ስም፣ ልምድ አያስፈልግም» የሚል ማስታወቂያ አይተው ያጠራቀሙትን ወይም ከሥራ ሲለቁ ያገኙትን ካሳ (ፒጹዪም) ሊያወጡ ለሚያስቡ ቤተሰቦች ነው። ሥራው መልካም ሥራ ነው። ውሉ ግን መልካምም ክፉም ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ ሥራው እንናገር። «ልጄ ውሻ አጣቢ ሊሆን ነው እንዴ?» የሚሉ እናቶችና አባቶች አይጠፉም። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ሲንቅ የኖረ ጎረቤት እናውቃለንና የእጅ ሥራን መናቅ ለእኛ አይሆንም። ስለ እብድ ውሻ በሽታ ያለው ፍርሃት ደግሞ ምክንያት አለው፤ በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ይገድላል። እዚህ በ2002 የወጣው የውሾች ቁጥጥር ሕግ እያንዳንዱ ውሻ እንዲመዘገብ፣ ከቆዳው ሥር መለያ ቺፕ እንዲደረግለትና በየዓመቱ እንዲከተብ ያዝዛል። ስለዚህ ጥሩ ሠራተኛ አዲስ ውሻ ከመቀበሉ በፊት «ፒንካስ ሒሱኒም» የሚባለውን የክትባት ደብተር ይጠይቃል፤ ባለ ውሻውም አይቀየምም።

ሥራው በውኃና በሳሙና ብቻ አያልቅም። የተቋጠረ ፀጉር ውኃ ከነካው ይብስ ይጠብቃልና ማበጠር ከማጠብ ይቀድማል። የሰው ሻምፑ ለውሻ ቆዳ አይስማማም። ፑድል፣ ማልቲዝና ሺትሱ ፀጉራቸው ሳያቋርጥ ስለሚያድግ ደንበኞቻቸው ዘወትር ይመለሳሉ፤ የሥራው እንጀራ ያለው በእነዚህ ነው። ሀስኪንና የጀርመን እረኛን ግን «ሙቀት ነውና ላጭልኝ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ድርብ ፀጉራቸው ከፀሐይ ይከላከልላቸዋል፤ ከተላጨም በኋላ እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። ጥፍር ሲቆረጥ ውስጡ የደም ሥር አለ። አንገቱ በጠረጴዛው ገመድ የታሰረ ውሻ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ብቻውን አይተውም፤ ቢዘል ይታነቃል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ፓግና ቡልዶግ ያሉት ደግሞ በሞቃት ማድረቂያ ፊት በቶሎ ይታፈናሉ። በፀደይ የደረቀ ሣር እሾህ (ማልዓኒም) በጆሮና በጣቶች መካከል ገብቶ ሥጋ ውስጥ ይጓዛል፤ እጃችሁ ካገኘው ወደ ሐኪም መላክ ነው። በበጋ ቱቦ ውስጥ የቆየ ውኃ ፀሐይ አፍልቶት ሊያቃጥል ስለሚችል አስቀድሞ በክንድ መፈተን ይገባል። ይህን ሁሉ በሁለት ሳምንት ኮርስ እናስተምራለን የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ኮርሶቹ የግል ናቸው፤ በመጨረሻ የሚሰጠውም ዲፕሎማ የዚያ ትምህርት ቤት ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። በዕብራይስጥ «ዚካዮን»፣ በሌላው ዓለም ፍራንቻይዝ የሚባለው በአጭሩ ስም መከራየት ነው። ባለ ስሙ ምልክቱን፣ አሠራሩንና ሥልጠናውን ይሰጣል፤ እናንተ መግቢያ ገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያም በየወሩ «ታምሉጊም» ትከፍላላችሁ። በዚህ ዓይነቱ የውሻ እጥበት አውስትራሊያ የታወቀች ናት። ለምሳሌ ጂም ፔንማን የተባለ ሰው በ1982 በሜልበርን ሣር እያጨደ ሥራ ጀመረ፤ ከ1989 ጀምሮ ስሙን ለሌሎች ማከራየት ያዘ። ዛሬ በዚያ ስም ከሚሠሩት አንዱ በተሽከርካሪ እየዞሩ ውሻ ማጠብ ነው። ተከራዩ የተወሰነ የወር ክፍያ ይከፍላል፣ ከማዕከሉ ለሚላክለት ለእያንዳንዱ የደንበኛ ጥሪም እንዲሁ። እንዲህ ሲሆን ስሙ በእርግጥ ደንበኛ እንዳመጣ በየወሩ ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። በአውስትራሊያ ስም አከራይ ከመፈራረሙ ቢያንስ 14 ቀን በፊት የንግዱን ሁኔታ በጽሑፍ እንዲገልጽ በሕግ ይገደዳል። በእስራኤል ለዚህ ንግድ ተለይቶ የወጣ ሕግ የለም። ያሉት አጠቃላይ የውል ሕጎች ናቸው፤ እነርሱም በቅን ልቦና መደራደርን ያዝዛሉ፣ ዳሩ ግን ሳትጠይቁ የሂሳብ መዝገቡን ዘርግቶ የሚያሳያችሁ አይኖርም። ስለዚህ ጠይቁ። ከዚህ በፊት ተከራይተው ከተዉት ሰዎች የሁለቱን ስልክ ስጡን በሉ፤ እምቢ ካሉ መልሱን አገኛችሁ። አካባቢው የእናንተ ብቻ ነው ወይስ በሚቀጥለው መንገድ ሌላ ይከፍታሉ? ሻምፑውንና መሣሪያውን ከእነርሱ ብቻ ትገዛላችሁ? በስንት? ውሉ ሲያበቃ የስልክ ቁጥሩና የደንበኞቹ ዝርዝር የማን ነው? ከለቀቃችሁ በኋላ በዚያው ከተማ ውሻ እንዳታጥቡ ለስንት ዓመት ያግዷችኋል? ይህ የመጨረሻው ነጥብ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የተማራችሁትን ሙያ ይወስድባችኋልና።

ሂሳቡን እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። በአንድ ውሻ 200 ሼቄል፣ በቀን 5 ውሻ፣ በወር 22 ቀን ብንል 22,000 ሼቄል ይገባል። ይህ በዓመት 264,000 ስለሚሆን የ2025 የ«ኦሴክ ፓቱር» ጣሪያ ከነበረው ከ120,000 ያልፋል፤ ስለዚህ «ኦሴክ ሙርሼ» ሆኖ 18 በመቶ ማዓም መክፈል ግዴታ ነው። ማዓሙ 3,356 ነው፤ 18,644 ይቀራል። ከዚህ 8 በመቶ ለባለ ስሙ ቢወጣ ወደ 17,150። ኪራይና አርኖና 5,500፣ ውኃ፣ መብራት፣ ሻምፑ፣ ምላጭ ማሳያ፣ ኢንሹራንስና ሂሳብ ሠራተኛ 3,000፣ የ80,000 ሼቄል ብድር ያለ ወለድ በ5 ዓመት ቢከፈል 1,333። የሚተርፈው 7,300 ያህል ነው፤ ገቢ ግብር፣ ቢቱዋህ ለኡሚና ጡረታ ገና አልወጣም። በኤፕሪል 2025 የተወሰነው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 6,247.67 እንደ ነበር አስታውሱ።

አሁን በቀን 3 ውሻ ብቻ መጣ እንበል። በዚያው ሂሳብ በወሩ መጨረሻ በእጃችሁ የሚቀረው 450 ሼቄል ገደማ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፤ ባለ ስሙ ግን ድርሻውን ከገቢው ላይ እንጂ ከትርፉ ላይ አይወስድም። አከራዩም ባንኩም «አርቩት ኢሺት» የሚባለውን የግል ዋስትና ስለሚጠይቁ ንግዱ ሲዘጋ ዕዳው ቤታችሁ ድረስ ይመጣል፤ ዋስ ከሆነም ወደ አጎታችሁ ወይም ወደ ወንድማችሁ ቤት ይሄዳል። በሠርግና በለቅሶ የምንተያይ ሰዎች ነንና ዋስ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን ቁጥር አሳዩት።

እኛ የምንመክረው መንገድ ረዘም ይላል፦ ቢያንስ አንድ ዓመት በሌላ ሰው ዘንድ በደመወዝ መሥራት። በመጀመሪያ አጣቢ፣ ቀጥሎ አድራቂ፣ ከዚያ መቀስ መያዝ ይመጣል። የውሻን ጠባይ፣ የባለ ውሻውንም ጠባይ (እርሱ ይከብዳል) በሌላ ሰው ኪራይ ትማራላችሁ፤ ዕብራይስጣችሁም ይፈታል። ከዓመት በኋላ ደንበኛው የሚፈልገው የእናንተን እጅ ከሆነ ስም መከራየት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ለመክፈት የወሰነ ሰው የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት በማዘጋጃ ቤቱ የንግድ ፈቃድ ክፍል (ሪሹይ አሳቂም) ቤቱ ለዚህ ሥራ ይፈቀድ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ሥራ ከመጀመሩ በፊትም በማዓም፣ በገቢ ግብርና በቢቱዋህ ለኡሚ ፋይል ይክፈት። የቢቱዋህ ለኡሚውን ለነገ የሚያሳድር ይጎዳል፦ ለራሱ የሚሠራ ሰው በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት ካሳ የሚያገኘው ከጉዳቱ በፊት ተመዝግቦ ከሆነ ነው፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ንክሻ የማይቀር ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ቢሮ (ሊሽካት ሃብሪኡት) ይሂድ፤ ውሻውም 10 ቀን ተለይቶ ይታያል። ለራሱ የሚሠራ ሰው ሥራው ቢቆም የሥራ አጥ ክፍያ እንደማያገኝና ከ2017 ጀምሮ ለጡረታው ራሱ ማስቀመጥ ግዴታው እንደ ሆነም ይወቅ።

ምክር ለሚፈልጉ የኤኮኖሚ ሚኒስቴር «ማዖፍ» የሚባሉ የአነስተኛ ንግድ ማዕከላት አሉት፤ የክሊታ ሚኒስቴርም ንግድ ለሚከፍቱ አዲስ ገቢዎች አማካሪ ይሰጣል። ለብድር በ1990 ለሶቭየትና ለኢትዮጵያ ገቢዎች ያለ ወለድ ለማበደር በኢየሩሳሌም የተቋቋመው፣ ዛሬ «ኦጌን» የሚባለው ድርጅት ከባንክ በፊት ይጠየቅ። ወደ እነዚህ ስትሄዱ ውሉን ያልተፈረመ አድርጋችሁ፣ ዕብራይስጥ በደንብ የሚያነብ ሰውም ይዛችሁ ሂዱ። ልጃችሁ ቢያነብላችሁ መልካም ነው፤ የዋስትናውንና የእገዳውን አንቀጽ ግን ጠበቃ ያንብበው።