ኖራ ማዳበሪያ አይደለም

ኖራ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የግድግዳው ነጭ ቀለም ነው። ለእርሻ የሚውለው ግን የኖራ ድንጋይ ሳይቃጠል እንደ ዱቄት ተፈጭቶ ነው። በደጋው ኢትዮጵያ ከዚህ ዱቄት በላይ ውለታ ውሎ የተረሳ የእርሻ ግብዓት አላውቅም።

የአፈር አሲዳማነት በፒኤች ይለካል፤ መለኪያውን በ1909 ያወጣው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። 7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ በታች አሲዳማ። ቁጥሩ በ1 ሲወርድ አሲዳማነቱ 10 እጥፍ ስለሚጨምር ፒኤቹ 5 የሆነ ማሳ 6 ከሆነው በእጅጉ የከፋ ነው። በአዊ፣ በወለጋ፣ በጉራጌና በጋሞ ደጋ ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ለዘመናት እያጠበ ወስዷል። እኛም ገለባውን ለከብት፣ ኩበቱን ለማገዶ እያወጣን፣ ዩሪያውን በየዓመቱ እየጨመርን አግዘነዋል።

የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ ሰብል ቢጫ ሲሆን የሚሰጠው ምክር «ማዳበሪያ ጨምር» ብቻ ነው። እንጅባራ አካባቢ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት የገብስ ማሳቸውን እያሳዩ «ልጄ፣ ዘንድሮም ማዳበሪያውን መሬቱ በላው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። አንዱን ቡቃያ ነቅለን ስናየው ሥሩ አጭርና ወፍራም፣ ጫፉ የጠቆረ ነበር፤ ወደታች ከመውረድ ይልቅ ላይ ላዩን ተኮማትሯል።

ይህን የሚያደርገው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በሸክላ አፈር ውስጥ ሞልቷል፣ ታስሮ እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ ግን እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይመርዛል። ሥሩ ካላደገ ሰብሉ ውሃም ምግብም አያገኝም፤ ዝናብ በተቋረጠ ሳምንት ከሌላው ማሳ ቀድሞ ይጠወልጋል። በዚያ ላይ ገበሬው በብድር የገዛውን ፎስፈረስ አሉሚኒየምና ብረት ይዘው ያስቀሩታል። ማዳበሪያው እዚያው አፈር ውስጥ አለ፤ ሥሩ ግን አይደርስበትም። ኖራ ተክሉን አይመግብም፤ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ አሉሚኒየሙን መልሶ ያስራል፣ ለሥሩ መንገድ ይከፍታል። ባቄላ ላይ ደግሞ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁት የሥር ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ይጀምራሉ።

የአዛውንቱ ጓሮ ጎመን ግን ለምልሞ ነበር። ባለቤታቸው የምድጃውን አመድና ፍጉን ለዓመታት እዚያ ሲደፉ ኖረዋል፤ አመድም እንደ ኖራ አሲድን ያበርዳል። ሁሉም ሰብል ኖራ ይፈልጋል ማለት ግን አይደለም። ሻይ አሲዳማ አፈር ይወዳል፣ ድንችም ከገብስ ይልቅ ይችለዋል። በአዊ ፋግታ ለኮማ ወረዳም ብዙ ገበሬ አሲዳማ ማሳው ላይ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ ግራር ተክሏል።

ሳይለኩ ኖራ የሚበትኑትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ለምርመራ የሚሆነው የአፈር ናሙና ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ተወስዶ ይደባለቃል፤ ፍግ ከተከመረበትና ከዛፍ ሥር አይወሰድም። መጠኑን የሚወስነው ምርመራው ነው፤ በሄክታር 20 ወይም 30 ኩንታል ሊጠይቅ ይችላል፣ ጭነቱ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ከመጠን ካለፈ ዚንክና ብረትን ከተክሉ ያርቃል፤ ስለዚህ 7 ለመድረስ መሯሯጥ አያስፈልግም። ኖራው ነፋስ በሌለበት ሰዓት እኩል ይበተን፣ ታርሶ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ፤ እርጥበት አግኝቶ እንዲሠራ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ይቅደም። ከዩሪያ ጋር በአንድ ላይ መበተን ናይትሮጅኑን ወደ አየር ማባከን ነው። አንዴ የተበተነ ኖራ ለተወሰኑ ዓመታት ያገለግላል፤ ዝናቡ ማጠቡን ስለማያቆም ግን አፈሩ እንደገና መለካት አለበት።