የኪነት መድረክ መሪ ተዋናይ ክብር ከግንባር ሽልማት ባሻገር

በሙዚቃዊ ተውኔት መሪውን የወንድ ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ባለሙያ ሦስት ሙያዎችን በአንድ ጊዜ ይሸከማል። እንደ ተዋናይ ታሪኩን ያስኬዳል፤ እንደ ድምፃዊ ዜማውን ያወጣል፤ እንደ ተወዛዋዥም እስክስታውን ይመራል። ተቀባዮች የሚመልሱት እርሱ ባወጣው ልክ በመኾኑ፣ እርሱ ከሳተ ከበሮውም ጭብጨባውም አብሮ ይስታል።

ሙያው ለገበሬው እንግዳ አይደለም። በደቦና በሠርግ ዘፈን አውጥቶ ተቀባዩን የሚያነሳሳው ሰው፣ በመድረክ ላይ መሪ ተዋናዩ የሚሠራውን ሥራ በአውድማውና በዳሱ ሲሠራ ኖሯል። በዘመናዊው መድረክ ለዜማና ለትወና በጋራ ስፍራ ከሰጡ ቀዳሚ ተቋማት አንዱ በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ የኪነት ቡድኖች እስከ ቀበሌ ድረስ ተቋቋሙ። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የየአካባቢያቸውን ዘፈንና ጭፈራ ለመድረክ ካበቁት መካከል ናቸው።

ሕዝቡ የወደደውን ባለሙያ የሚያከብርበት የቆየ ወግ አለው። ከመቀመጫው ተነስቶ ብር በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ በእልልታና በጭብጨባም ያጅበዋል። ይህ ክብር ከልብ የመነጨ ቢኾንም ዕድሜው አጭር ነው። ብሩ ያልቃል፤ ጭብጨባውም ከአዳራሹ አያልፍም። «አዝማሪ» የሚለው ስም ለስድብ ይውል በነበረበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ልጁ መድረክ ላይ መውጣቱን ያልወደደ ወላጅም ብዙ ነበር።

ጥላሁን ገሠሠ በሀገር ፍቅር መድረክ ጀምሮ የክብር ዶክትሬት ለመቀበል የበቃው፣ ድምፁ ከነስሙ ተቀርጾ ለትውልድ በመተላለፉም ጭምር ነው። በወረዳ አዳራሽ ተጫውቶ ያረጀው መሪ ተዋናይ ግን ይህን ዕድል ብዙ ጊዜ አያገኝም። የሠራው ዜማ «የሕዝብ ነው» ተብሎ ሌላው ይዘፍነዋል፤ እርሱ ግን ይረሳል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች የሕግ ጥበቃ ቢሰጥም፣ ማን ምን እንደተጫወተ ካልተመዘገበ መብቱን በማስረጃ አስደግፎ መጠየቅ አዳጋች ይኾናል።

ስለዚህ ዘላቂው ክብር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የተውኔቱን ርዕስ፣ የተጫዋቹን ስም፣ የያዘውን ገጸ ባሕርይና ዓመተ ምሕረቱን በወረቀት ማስፈር የመጀመሪያው ነው። ዝግጅቱን በድምፅና በምስል ቀርጾ በባሕል ጽሕፈት ቤት ማኖር ይከተላል። የምስክር ወረቀት ሲሰጥም «ላበረከተው አስተዋጽዖ» ከሚለው የተለመደ ቃል ይልቅ የሠራውን ሥራ በስሙ መጥራት ይበልጥ ያከብረዋል። አንጋፋውን በሕይወት ሳለ ወጣቶችን እንዲያሠለጥን መጋበዝ ደግሞ፣ ዜማው ከባለቤቱ ጋር እንዳይቀበር ያደርጋል።