ስለ ዶልፊን ሞተርና በሐሰት ስለተከሰሰችው ቴርሞስታት

ማለዳ በአዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ በሚባለው ሠፈር የታክሲ ተራ ቆሞ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውን ተሳፋሪ የተመለከተ ሰው፣ ዓይኑ የሚያርፈው በመኪናው ሰማያዊና ነጭ ቀለም፣ ጆሮውም የሚያዳምጠው የረዳቱን ጥሪ ይሆናል እንጂ፣ ከጋቢናው ወንበር ሥር ተደብቆ ይህን ሁሉ ሕዝብ ከዓመት እስከ ዓመት ስለሚያመላልሰው ሞተር ማሰብ ወደ ኅሊናው አይመጣም። ጋቢና መሐል የተቀመጠ ብቻ፣ ከወንበሩ ሥር ሽቅብ የሚመጣው ሙቀት እግሩን ሲለበልበው፣ አንድ የሚነድ ነገር ከበታቹ እንዳለ በግድ ያውቃል። እኔ ግን ይህን ሞተር እወደዋለሁ፤ ከወደድኩትም ዘመን ጀምሮ፣ ከውዳሴው ይልቅ ሐሜቱ በዝቶበት ስላየሁ፣ ስለ እርሱ ጥቂት ልመሰክርለት ፈለግሁ።

የናፍጣ ሞተር በእሳት ብልጭታ አይሠራም፤ አየርን አጥብቆ ይጨምቃል፣ አየሩ ከጭመቃው የተነሣ ይግላል፣ በዚያም ግለት ላይ የተረጨው ናፍጣ ራሱ ይነዳል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ አሠርቶ ያሳየው ጥበብ ይኸው ነው። በእኛ አገር ትሬንታ ኳትሮና ኤንትሬ የተባሉትን የናፍጣ የጭነት መኪኖች ያየ ትውልድ ስላለ፣ በዚህ ላይ አላረዝምም።

የቶዮታ ሃይስ፣ በተለይም ሕዝቡ «ዶልፊን» ብሎ የሰየመው፣ በብዛት የሚሄደው «ኤል» በሚል ፊደል በሚታወቁ ወንድማማች ሞተሮች ነው፤ ይኸውም 2,446 ሲሲ በሆነው 2ኤል፣ 2,779 ሲሲ በሆነው 3ኤልና 2,986 ሲሲ በሆነው 5ኤል ነው። አራት ፒስተን ያላቸው፣ እነዚህ በየታክሲው የምናያቸውም ቱርቦ የሌላቸው፣ ናፍጣቸውን በኮምፒውተር ሳይሆን በፖምፓ ሥርዓት የሚያድሉ ስለሆኑ፣ አዋቂ መካኒክ በጥቂት መፍቻና በጆሮው ብቻ ሊመረምራቸው ይችላል። ጉልበታቸው ግን ትሑት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህም «ጉልበት ጨምርልኝ» እያለ የፖምፓውን ብሎን የሚያስከፍት ሹፌር፣ ናፍጣን እንጂ አየርን ሊጨምር ስለማይችል፣ የሚያተርፈው ጥቁር ጭስና ትርፍ ግለት ነው። ከኋላው የሚሄደው እግረኛ አፍንጫውን ሲይዝ ስድቡ ለሞተሩ ይደርሳል፤ በደሉ ግን የብሎኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእነዚህ ሞተሮች ጽኑ ጠላት ሙቀት ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ በኃይል የፈላ እንደ ሆነ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ የሲሊንደሮቹ መክደኛ የሆነው ቴስታታ ይጣመማል፣ በተለይም የ2ኤል ቴስታታ በቫልቮቹ መካከል በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። ይህን ጠላት ለመከላከል መሐንዲሶቹ ያቆሙት ዘበኛ ቴርሞስታት ይባላል፤ እኛ ደግሞ ጠላት ነው ብለን ከበሩ ያባረርነው ይህንኑ ዘበኛ ነው። በከተማችን ካሉት አሮጌ ናፍጣ መኪኖች ስንቱ ያለ ቴርሞስታት እንደሚሄድ ባይቆጠርም፣ የቴርሞስታቷ ቤት ባዶ ሆኖ ያላገኘሁበት ጋራዥ ግን ጥቂት ነው።

እዚያው ዓለም ባንክ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ፣ ጎበዝና ትሑት የሆነ ወጣት መካኒክ ቴርሞስታቷን ከቤቷ አውጥቶ በእጁ እያገላበጠ፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራች ናት፤ እኛ አገር ውሃውን ከማፈን በቀር ምን ትሠራለች?» አለኝ። ከቡና ሻጯ ትንሽ ድስት ለመንን፤ ቴርሞስታቷንም በሽቦ አንጠልጥለን ውሃው ውስጥ አስገባንና ከሰሉ ላይ ጣድናት። ውሃው እስኪግል ድረስ ፈጽሞ የምትንቀሳቀስ አትመስልም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን፣ ድስቱ ገና ሳይፈላ፣ በናሷ ቀፎ ውስጥ ያለው ሰም ቀልጦና አብጦ መርፌዋን እየገፋ፣ በሩን ቀስ ብሎ ከፈተው። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «እንዴ! የታችኛው ሳሕኗም አብሮ ይወርዳል» አለ።

ነገሩ ሁሉ በዚያ ሳሕን ላይ ነው። በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታት ባለ ሁለት ግብር ናት፤ ውሃው 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በላይኛው ጫፏ የራዲያተሩን መንገድ ትከፍታለች፣ በታችኛው ሳሕኗ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይጎበኝ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ትዘጋለች። እርሷ ስትወጣ ያ አቋራጭ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህም ጭነት በበዛበትና ዳገት በጠናበት ሰዓት፣ ከፈላው ውሃ አንዱ ክፍል ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተሩን ያገኘዋል። ሙቀትን እንሽሻለን ብለን የሠራነው ሥራ ሙቀትን ይጠራል ማለት ነው። ተዘግታ የቀረች አሮጌ ቴርሞስታት መኪና እንደምታፈላ አልክድም፤ ልማዱም የተወለደው ከዚህ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ለታመመች ቴርሞስታት መድኃኒቷ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች የምትገዛ ጤነኛ እኅቷ እንጂ ባዶ ቤት አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳት ድምፅ የለውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሣ ታክሲ፣ ቴርሞስታት ከሌለው፣ በቶሎ አይሞቅም፤ በቀዘቀዘ ሞተርም ናፍጣው ሙሉ በሙሉ ስለማይነድ፣ የተረፈው በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ የዘይቱን ሽፋን ያጥባል፣ ከዘይቱም ጋር ይቀላቀላል፣ የፒስተኑንም ፋሻ ያለ ጊዜው ያስረጃል። ከዚያ በኋላ «ዘይት ይበላል» ተብሎ ሞተሩ ሲወርድ፣ የሚከሰሰው የጃፓኑ ፋብሪካ ነው።

የራዲያተሩ ክዳንም የዚሁ ታሪክ አካል ናት። በእኛ ከፍታ ውሃ በተከፈተ ድስት የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ሞተሩ በደኅና ሰዓቱ የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ እንዲታገሥ የሚያደርገው ክዳኗ አፍና የምትይዘው ግፊት ነው። እንግዲህ ላስቲኳ ያለቀውን ክዳን በፌስታል ጠቅልሎ የሚገጥም ሹፌር፣ የቧንቧ ውሃም እየጨመረ የራዲያተሩን ቱቦዎች በዝገትና በደለል የሚሞላ ባለንብረት፣ ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው በዚሁ ቸልታ ከሚደርስበት የበለጠ እንደሚጎዳ ማወቅ አለበት።

የቀሩትን ነቀፋዎች በአጭሩ ላልፋቸው። ዘይት በተቀየረ ማግሥት መጥቆሩ የናፍጣ ሞተር ባሕርይ ነው፤ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ቡና በወተት መስሎ ከታየ ግን ውሃ ገብቶበታልና ድንጋጤ ይገባል። ፖምፓው የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ናፍጣ ብቻ ስለሆነ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ደረቅ አድርጎ ይበላዋል። የታይሚንግ ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ በደላላ እጅ ወደ ኋላ የተመለሰ ቆጣሪ ላይ መታመን ግን የዋህነት ስለሆነ፣ መኪናውን በገዛችሁበት ሳምንት ቀይሩት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ዘመን ያገለግሉናልና፣ ለመግዛት የምትሄዱ ሰዎች ለሻጩ ቀድማችሁ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሣው» በሉት፤ ሞቆ የሚጠብቅ ሞተር ምስክርነቱ አይታመንም። ከተነሣ በኋላ እጃችሁን ከማራገቢያው አርቃችሁ ራዲያተሩን ዳስሱት። ቴርሞስታት ካለ፣ ራዲያተሩ ብዙ ደቂቃ ቀዝቅዞ ቆይቶ በድንገት ይሞቃል፤ ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ ቀስ በቀስ እየሞቀ ከመጣ ግን ቤቷ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ለምን እንዳወጣት ጠይቁት፤ ያልፈላ ሞተር ላይ ቴርሞስታት የሚያወጣ ሰው እምብዛም የለምና፣ ቴስታታውን በመካኒክ ሳታስመረምሩ ቀብድ አትክፈሉ።